በድንገተኛ ሕመም ስላላረፉት መምህር ፍቅረ ሥላሴ ውበቴ

ከጽኑ ተስፋ የስኳር ሕሙማን መማማሪያና መረዳጃ ማኅበር፣ ቢቸና እና ሞጣ

ለማኅበሩ አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦቻችን እና ለሁለቱ ከተሞች ሕዝብ በሙሉ

የማኅበራችን መሥራች አባልና ዋና አስተማሪ የነበሩት መምህር ፍቅረ ሥላሴ ውበቴ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በእሳቸው ማረፍ ማኅበራችን የተሰማው ሐዘን ጥልቅ ነው። ከሐዘኑ ጋር የተሰማው እፍረትም ከዚያ አያንስም። ይህ መግለጫ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲወጣ ያስገደደውም እፍረቱ ነው።

በቀብራቸው ዕለት በድንኳኑ የተነበበው፣ በኋላም በቢቸናና በሞጣ የተለጠፈው የመጀመሪያው መግለጫችን መምህር «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ማረፋቸውን ይገልጻል። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ሕመማቸው ድንገተኛ አልነበረም፤ ከየት እንደጀመረ መግለጫውን ስንጽፍ እናውቅ ነበር። ቃሉን የመረጥነው ለቤተሰቡ ክብር አስበን ነው ብለን እርስ በርሳችን ተጽናንተን ነበር። ስናጣራው ግን ያሰብነው ለራሳችን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መግለጫ ከዛሬ ጀምሮ የተሻረ መሆኑን እያሳወቅን፣ በእሱ ምትክ ይህ እንዲነበብ እንጠይቃለን።

መምህር ፍቅረ ሥላሴ በ1948 ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ ቆጥረዋል፤ ቆይተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው በመምህርነት ሠለጠኑ። በመጀመሪያ በአምበር፣ ከዚያም እስከ ጡረታቸው ድረስ በቢቸና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አማርኛና ሳይንስ አስተምረዋል። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት ሠራተኞች መካከል የእጅ ጽሑፋቸውን ያቃኑት እሳቸው የሆኑ ብዙ ናቸው።

የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ያወቁት በሥራ ላይ እያሉ በ1996 ዓ.ም. ነው። ዜናውን ሲናገሩ «ዕድሜዬን በሙሉ ቡና በጨው ጠጥቼ፣ ስኳር ያዘህ አሉኝ» ይሉ ነበር። በቀልድ ቢጀምሩትም ሕመሙን በቀልድ አልያዙትም። በየወሩ ሐኪም ዘንድ ይቀርቡ ነበር፤ ያልገባቸውን ሳይጠይቁ ከክፍሉ አይወጡም፤ የገባቸውንም ለራሳቸው ብቻ ይዘው አልተቀመጡም።

በ2010 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲቋቋም የትምህርቱን ክፍል የተረከቡት መምህር ናቸው። ከዚያ በፊት የስኳር ሕመም ትምህርት ማለት ባለሙያው ፊት ቆሞ ይናገራል፣ ሕመምተኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል ማለት ነበር። መምህር ይህን አስቀርተው የአብነት ትምህርት ቤቱን ልማድ አመጡ። ቀድሞ የገባው ደቀ መዝሙር አዲስ ገቢውን እንደሚያስጠና ሁሉ፣ በማኅበራችንም መርፌ መውጋት የተማረ አባል ሌላውን ሳያስተምር ተምሯል አይባልም ነበር። በዚህ መንገድ ገበሬ ለገበሬ፣ ቄስ ለነጋዴ፣ እናት ለልጇ አስተምራለች።

በ2011 ዓ.ም. በትምህርቱ መክፈቻ ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለወጡ። «መድኃኒታችሁን ወስዳችኋል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ሁሉም «አዎ» ይላል፣ የብዙው ስኳር ግን ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል። መምህር «በዚህ ሰሞን ምን አመለጠን?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ መጀመሪያ የሚመልሱትም ራሳቸው ነበሩ። «እኔ ማክሰኞ ለቅሶ ውዬ መርፌዬን ረሳሁ» ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሠርግ ቤት በሞቴ ብለው አጎረሱኝ፣ እኔም አልጠላሁትም» ይላሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላው ሰው አፉን ይከፍታል። በማኅበሩ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉት ነርስ ሲስተር እስከዳር ሐብታሙ «ሰው መድኃኒት የሚያቆምበትን እውነተኛ ምክንያት የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው» ሲሉ ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል። አንዱ ሲሻለው የዳነ መስሎት አቁሟል፤ አንዷ ሲሪንጅ ያየ ጎረቤት ሌላ በሽታ እንዳያወራባት ፈርታ፣ ተደብቃ የምትወጋበት ስታጣ ትተወዋለች፤ ሌላው መድኃኒት የሚወስድበት ቀን ከገበያ ቀን ጋር እየገጠመበት ሲመርጥ ገበያውን ይመርጣል። ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከባድ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. ፍሪጅ የሌላቸውና መብራት የሚጠፋባቸው አባላት ኢንሱሊናቸውን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ እንስራ እንዲያቆዩ አስተማሩ። እንስራው ከቤቱ በየትኛው ማዕዘን ቢቀመጥ እንደሚሻል ለማየት በየቤቱ ዞረዋል።

በ2014 ዓ.ም. በጾም ወራት መርፌና ምግብ እንዴት እንደሚጣጣሙ ከካህናትና ከሙስሊም አባቶች ጋር ተነጋግረው፣ የሃይማኖት አባቶቹ ራሳቸው በማኅበሩ ስብሰባ ተገኝተው እንዲያስረዱ አድርገዋል።

በ2015 ዓ.ም. የሞጣው ቅርንጫፍ ተከፈተ። መምህር በየወሩ በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ እየተመላለሱ አስተምረዋል። በቀጣዩ ዓመት መንገድ በተዘጋጋባቸውና መድኃኒት በጠፋባቸው ወራት ደግሞ ትርፍ ያለው ለሌለው በባለሙያ ምክር እንዲያካፍል አባላቱን ቤት ለቤት አስማምተዋል። በእነዚያ ወራት ከሞት የተረፉ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ።

ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው እስከዚህ ያለው በመጀመሪያው መግለጫችንም ውስጥ ነበር። ከዚህ በታች ያለው አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ማኅበሩን የሚደግፉ እንግዶች ትምህርቱን ለማየት ወደ ቢቸና መጡ። መምህር እንደ ልማዳቸው «ምን አመለጠን?» ብለው ጠይቀው፣ ራሳቸው ሁለት ቀን መርፌ እንዳለፋቸው በእንግዶቹ ፊት ተናገሩ። የሥራ አመራር ቦርዱ አፈረ። እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ሽታሁን ይርሳው በሁላችንም ስም «መምህር፣ አስተማሪው አመለጠኝ ካለ ተማሪው ምን ይበል? ከእንግዲህ እርስዎ ምሳሌያችን ነዎት፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ባይናገሩት» አሏቸው። ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ደገፈ። መምህር «እናንተ ካላችሁ ይሁን፤ ግን ከእኔ ወዲያ የሚናገር ሰው አታገኙም» ብለው ተቀበሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ሰው መናገር አቆመ። እኛ ግን ዝምታውን መሻሻል ነው ብለን ተረጎምነው፤ በዚያው ዓመት ሪፖርታችንም መርፌ የሚያመልጣቸው አባላት በእጅጉ መቀነሳቸውን ጻፍን። ነገሩን ለማጠናከር ብለን ደግሞ አዲስ ሥርዓት አወጣን። ስኳሩ ልክ ሆኖ የተገኘ አባል በፊተኛው ወንበር ይቀመጣል፣ ይጨበጨብለታል፤ ከፍ ያለበት ከኋላ ይቀመጣል። ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ በሚቀጥለው ጊዜ የቀረው ሰው ብዛት ስንት እንደሆነ አልጠየቅንም። የመጡት አጨብጭበዋል፤ ያ በቅቶን ነበር።

በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. በሞጣ ዓመታዊ በዓላችንን ስናከብር መምህር ፍቅረ ሥላሴን «አርአያ ሕሙም» ብለን ለመሸለም ወሰንን። በሌላ ጊዜ የምንሸልመው ጋቢ ነበር። የዘንድሮው በዓል መሪ ቃል «እግራችንን በየቀኑ እንመልከት» የሚል ስለነበረ፣ ለቃሉ የሚስማማው ጫማ ነው ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው ማን እንደሆነ አሁን ሁላችንም እንረሳዋለን፤ በዚያን ቀን ግን ሁላችንም ወደነዋል።

ሽልማቱ በምስጢር እንዲቆይ ስለፈለግን መምህርን አልጠየቅናቸውም። አቶ ሽታሁን እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መምህር አውልቀውት የገቡትን ጫማ ገልብጠው ቁጥሩን አዩ። በዚያ ቁጥር ከባሕር ዳር ጥቁር የቆዳ ጫማ ተገዛ። ፊቱ የጠበበ፣ ቆዳው የጠነከረ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበር። ቁጥሩ ልክ ነው። የመምህር የድሮ ጫማ ግን ከፊቱ ሰፊና የለሰለሰ ነበር፤ ቁጥር ይህን አይናገርም።

የስኳር ሕመም የቆየበት ሰው እግሩ እየደነዘዘ ስለሚሄድ ጫማ ሲቆርጠው እንደማይሰማው፣ አዲስ ጫማ በቤት ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ መለመድ እንዳለበት፣ ፊቱ የጠበበ ጫማ ፈጽሞ መደረግ እንደሌለበት ማኅበራችን ያስተምራል። ትምህርቱን ያዘጋጁት መምህር ናቸው። በዚያው ዕለት፣ ከሽልማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያው አዳራሽ ይህንኑ አስተምረው ነበር። እኛም ከፊት ተቀምጠን አዳምጠናል።

በአገራችን ልማድ የተሸለመ ሰው ሽልማቱን እዚያው ለብሶ ይታያል። መምህር ጫማውን ተቀብለው ጥቂት አገላብጠው ካዩት በኋላ «ይሄ የሙሽራ ጫማ ነው፤ እኔ ደግሞ ሚስት አለችኝ፣ ቤት ወስጄ ቀስ ብዬ ላድርገው» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ሰብሳቢው «መምህር፣ በሞቴ፣ እዚሁ ያድርጉልን» አሉ። ሰዎች ሠርግ ቤት በሞቴ ሲሏቸው እንዴት እምቢ እንደሚሉ ለዓመታት ሲያስተምሩ የኖሩትን ሰው በሞቴ አልናቸው፤ እሳቸውም ሊያሳፍሩን አልፈለጉም። ጫማውን አደረጉ። ፎቶ ተነሣን። በዓሉ እስኪያልቅ ቆመው ዋሉ፣ እሱኑ እንዳደረጉ ተሳፍረው ቢቸና ገቡ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገሩን ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩአየሁ ባየ ናቸው፤ በመግለጫው እንዲጻፍም ፈቅደዋል።

መምህር ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ትንሿ የእግር ጣታቸው ቆዳዋ ተልጦ ካልሲው በደም ርሷል። ምንም አልተሰማቸውም ነበር። ወይዘሮ ጥሩአየሁ በነጋታው ለሲስተር እስከዳር እንዲያሳዩ ለመኗቸው። መምህር «ሽልማቱ አቆሰለኝ ብዬ በምን አፌ ልናገር? ትናንት አጨብጭበውልኝ ዛሬ ይህን ብነግራቸው ሰዎቹ የት ይገባሉ?» አሏቸው። ቁስሉን በቤታቸው እያጠቡ እየሸፈኑ ቆዩ። ሲብስባቸውም ትምህርቱን አላቋረጡም፤ ያንኑ ጫማ አድርገው ይመጡ ነበር፤ ያላደረጉት እንደሆነ ሽልማቱን ናቁ እንዳይባሉ ነው።

በማኅበራችን ሁልጊዜ ከትምህርቱ በኋላ ሲስተር እስከዳር የአባላቱን እግር ይመለከታሉ። ጫማችሁን አውልቁ እያሉ አባላቱን የሚያሰልፉት መምህር ነበሩ። እሳቸውን ግን አውልቁ ያላቸው ሰው አልነበረም። ምሳሌ ተደርጎ የተሾመ ሰው እንደማይመረመር የጻፍነው ደንብ የለም፤ ሆኖም ሁላችንም እንደ ደንብ ይዘነው ነበር። ሲስተር እስከዳር ይህ ቃል በስማቸው እንዲገባ ጠይቀዋል፦ «ሲያነክሱ አይቻለሁ። መምህርን እግርዎን ያሳዩኝ ማለት ድፍረት መሰለኝ።»

በሰኔ ወር ውስጥ ትኩሳት ያዛቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ቁስሉ ወደ አጥንት ዘልቆ ነበር። ወደ ደብረ ማርቆስ ተልከው እግራቸው እንዲቆረጥ ተደረገ፤ መርዙ ግን አስቀድሞ በደማቸው ተሠራጭቷል። ሊያዩአቸው የሄዱት የቦርዱ አባላት የሕመሙን መነሻ ከሐኪሙ አፍ ሰምተዋል። መምህር በአልጋቸው ሆነው የጠየቁን ስለ ጫማው አይደለም። የሞጣው ትምህርት እንዳይታጠፍ ነው ያሳሰቡን። እኛም አይታጠፍም ብለን ወጣን፤ በመኪና ውስጥ ማንም ማንንም አላየም።

ይህን ሁሉ እያወቅን ነው «ድንገተኛ» ብለን የጻፍነው። መግለጫው በድንኳኑ ሲነበብ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ካሉበት ሆነው «የማንን ሞት ነው የምታነቡት?» አሉ። አንባቢው ቆም ሲል እንዲጨርስ ምልክት ሰጠነው። ከተማው የሚያውቀውን ነገር ከከተማው ልንደብቅ ሞከርን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት በየትምህርቱ መክፈቻ ስንደግመው የኖርን ሰዎች መሆናችን ነገሩን ያከብደዋል።

ከሰልስቱ በኋላ ቦርዱ ሽማግሌ ይዞ፣ በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ መምህር ቤት ሄደ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ በራፍ ላይ አገኙን። «ድንጋዩን አውርዱት፣ ወገባችሁን ያማችኋል» አሉ። ገብተን ተቀመጥን። ሰብሳቢው ከኃላፊነት እንደሚለቁ ሲናገሩ አላስጨረሷቸውም። «ለቀህ ቤትህ ብትቀመጥ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ያበላሸኸውን ማን እንዲያቃና ነው?» አሏቸው። ቀጥለውም እንዲህ አሉን፦

«ጫማው ያወጣበት አንድ ቁስል ነው። ቁስል ይድናል፤ ስንቱን ሰው ሲያድን አይቼዋለሁ። እሱን የገደለው አፉን መያዛችሁ ነው። ድሮ ምን አመለጠን እያለ ሲያስቃችሁ፣ ማታ ቤት ሲገባ ቀልሎት ይገባ ነበር። ምሳሌ ካደረጋችሁት ወዲህ ለእኔ እንኳ መናገር ከበደው።»

ይቅርታ እንዳደረጉልን ወይም እንዳላደረጉልን አልነገሩንም፤ እኛም ደግመን አልጠየቅናቸውም። የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። አንዱ የመምህር ሞት በእውነተኛ ምክንያቱ እንዲጻፍ ነው፤ ይኸው ጽፈነዋል። ሁለተኛውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ማኅበሩ «አርአያ ሕሙም» የሚለውን ሽልማትና የፊትና የኋላ ወንበር ሥርዓትን ሽሯል። የእግር ምርመራ ከአስተማሪዎችና ከቦርድ አባላት ይጀምራል። ይህን የምንናገረው እንድንመሰገንበት አይደለም፤ መምህር ከሰባት ዓመት በፊት ሠርተውት የነበረውን እኛ አፍርሰን ዛሬ መልሰን ማቆማችን ነው። አፍረው የቀሩ፣ ከኋላ ተቀምጠው ሳይመለሱ የቀሩ አባሎቻችን ካሉ የቀሩት በእኛ ምክንያት መሆኑን እናምናለን። መድኃኒት ያቋረጠ፣ ቁስል የሸፈነ፣ ስኳሩ ከፍ ብሎበት ከሰው ዓይን የሸሸ አባል ሁሉ እንዲመጣ እንለምናለን። መምጣት የከበደው ቢልክብን እኛ እንሄዳለን።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጥሩአየሁ ባየ፣ ለልጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው፣ በአምበርና በቢቸና ላስተማሯቸው ተማሪዎች፣ አብረዋቸው ለሠሩ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፣ እጃቸውን ይዘው መርፌ ላስጨበጧቸው አባላት መጽናናትን እንመኛለን። ለነፍሳቸው ዕረፍትን እንለምናለን። አጽናኝ ሆነን ለመቆም የሚያበቃ ፊት እንደሌለን እናውቃለን፤ ስለዚህ በአርባቸው ዕለት ከሕዝቡ ኋላ ሆነን እናለቅሳለን።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ የጠየቁን ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። ከመምህር ቀጥሎ በምሳሌነት ልንሾማቸው ያሰብናቸው፣ በሞጣ የሚኖሩት ወይዘሮ ፀሐይነሽ አካለ ወልድ ናቸው። ስኳራቸው በየስብሰባው ልክ ሆኖ የሚገኝ፣ በፊተኛው ወንበር የሚቀመጡ፣ ስንጠይቃቸው ሁልጊዜ ደኅና ነኝ የሚሉ አባል ናቸው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሊያስተዛዝኗቸው መጥተው የነበሩትን ወይዘሮ ፀሐይነሽን ቀረብ ብለው አይተዋቸው ኖሮ «ለእኔ አታልቅሱ፤ ሄዳችሁ ፀሐይነሽን እዩአት» አሉን።

በነጋታው ከሲስተር እስከዳር ጋር ወደ ሞጣ ሄድን። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቤታቸውን አሰናድተው ተቀበሉን። ደኅና ነኝ፣ ስኳሬም ልክ ነው አሉ። ሲስተር እስከዳር የምሳውን መርፌ እንደወትሮው እንዲያዘጋጁ በትሕትና ጠየቋቸው። ሲሪንጁን አንሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ አንድ ጊዜ አስጠጉት፣ አንድ ጊዜ አራቁት፤ ከዚያ በጣታቸው ለክተው ቀዱ። ሲስተር እስከዳር ተቀብለው ሲያዩት ከታዘዘላቸው እጥፍ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከፋሲካ ወዲህ የሲሪንጁን መስመር ማየት አይችሉም ነበር። መርፌ ሲበዛባቸው ራሳቸውን ስተው የወደቁባቸው ቀናት እንዳሉም ነገሩን። ዛሬ በባሕር ዳር የዓይን ሕክምና ጀምረዋል፤ ይህ እንዲጻፍ የፈቀዱትም እሳቸው ናቸው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ማናችንም ይህን አናውቅም ነበር። ሰብሳቢው ለምን እንዳልነገሩን ጠየቋቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ድምፃችን ወደመጣበት ዞረው «እናንተን በሰው ፊት እንዳላሳፍር ብዬ ነው» አሉ፤ ከዚያም ቆመን መቅረታችንን ሲያውቁ ቁጭ እንድንል ለመኑን።

የጽኑ ተስፋ የስኳር ሕሙማን መማማሪያና መረዳጃ ማኅበር
የሥራ አመራር ቦርድ
ቢቸና፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.